እትዬ ሙሉ እና የቀጭን ውኃ ክትር

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ፎቶ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለልሁ። ከእኔ ቀድመው የተጠለሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው የአንዲቱ ሴት የሱፍ ሹራብ ዝናቡን ጠጥቶ ከትከሻዋ ተንጠልጥሏል። የረጠበ ሱፍ ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታም፤ የበግ፣ የአሮጌ ሳጥንና የናፍታሊን ጠረን አንድ ላይ ይመጣሉ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ መንገዱን ዘግተው ጡሩምባቸውን የሚያስጮኹት ባጃጆች ከጆሮዬ ራቁ። አንዲት ረጅም፣ ቀጭን፣ ግንባራቸውን ዘወትር የሚቋጥሩ ሴት ከበረዶ ከማይሻል ውኃ ውስጥ ሲወጡ ታዩኝ፤ በገዛ እጃቸው የሠሩት ጥቁር የሱፍ የዋና ልብስ ውኃ ከብዶት እስከ ጉልበታቸው ተጎትቶ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ ዳር ቆመን በምናያቸው ልጆች ላይ ሲጮኹ።

«ምነው አፋችሁን ከፈታችሁ? ዋና ነው እንጂ ተአምር አይደለም!»

እትዬ ሙሉ የአራተኛ ክፍል መምህሬ ነበሩ። ሙሉ ስማቸው ወይዘሪት ሙሉነሽ ሲሆን፣ እኛ ልጆች ግን እትዬ ሙሉ እንላቸው ነበር። ተወልደው ያደጉት ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። ወደ እኛ ከተማ፣ ወደ ቀጭን ውኃ፣ የመጡት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወጣ የጭነት ማኪና ጋቢና ተቀምጠው፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና በገመድ የተያያዙ ትልልቅ ቅሎች ይዘው ነበር። ሰው ቅሎቹን ሲያይ መምህርቷ ቅቤ ልትነግድ ነው አለ። ቀጭን ውኃ ያኔ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቤቶች፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ወፍጮ ቤትና ከኮረብታው ራስ ላይ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የነበራት ብርዳም የደጋ ከተማ ነበረች። የከተማዋ ሰው ውኃን የሚያውቀው በእንስራ ተቀድቶ፣ በጣሳ ተጨልፎ ነው፤ ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚንሳፈፍ ሰው አይቶ አያውቅም። ስለዚህ መምህርቷ በመጡ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ክትሩ ወጥተው ከዳር እስከ ዳር ዋኝተው ሲመለሱ፣ ወሬው ከጨው ዋጋ ቀድሞ ገበያውን አዳረሰው።

ክትር የምንለው ከትምህርት ቤቱ በላይ ሸለቆውን የሚዘጋውን የአፈር ግድብ ነው። እኔ ከመወለዴ ጥቂት ቀደም ብሎ የከተማው ሰው አፈር በጆንያና በቅርጫት ተሸክሞ፣ በሬ እየነዳ አስረግጦ የሠራው ነው፤ የታሰበውም ለከብት መጠጥና ለበጋ አትክልት ነበር። በውኃው በኩል ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ በደረቁ በኩል ሰርዶ በቅሎበታል። በስተቀኝ ጫፉ ዓለቱ ተጠርቦ የወጣ ሰፊ ቦይ አለ፤ ማስተንፈሻ ይባላል። ክረምት ክትሩ ሲሞላ ትርፉ ውኃ በዚያ ይወጣል። የአፈር ግድብ ሕይወቱ ያ ቦይ ነው፤ አፈር ውኃ ቢደገፍበት ይችላል፣ ውኃ በላዩ ቢሄድበት ግን አጥቦት ይወርዳል። ይህን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ ሳይረሱት ለመኖር ግን አንድ ነዝናዛ ሰው ሳያስፈልግ አይቀርም። ከግድቡ ሥር፣ ሸለቆው ሰፋ በሚልበት፣ ታች ሰፈር የሚባለው ሰፈራችን ነበር። ከደጃችን ቆመን ሽቅብ ስናይ የሚታየን ሰማዩና የክትሩ አረንጓዴ ሆድ ብቻ ነው።

የከተማው ሰው ክትሩን ከውኃው ይልቅ በመዝናኛነቱ ወደደው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዲስ ጋቢ የለበሰ ሁሉ በግድቡ ጀርባ ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ራዲዮ ያለው ራዲዮኑን በትከሻው አንግቶ ይመጣል፤ ሙሽራ ያጀበ ሚዜ እዚያ ላይ ካልጨፈረ ሰርጉ ሰርግ አይመስለውም። ወንዶቹ ልጆች ደግሞ ቁርበት ይዘው ይወጡና ቁርበቱ ላይ ተቀምጠው በሣሩ ተዳፋት ቁልቁል ይንሸራተታሉ። የተንሸራተቱበት ሁሉ እንደ ተላጨ ራስ ገላጣ ሆኖ ይቀራል፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ በዚያ በገላጣው ይቆፍራል። እትዬ ሙሉ ይህን ሲያዩ ራሳቸውን መግዛት ያቅታቸው ነበር። ቁርበቱን ቀምተው ትምህርት ቤት ይወስዱታል፤ የልጁ እናት ቁርበቴን ብላ ትመጣለች፤ ንትርኩ የረፋዱን ትምህርት ይበላዋል።

«እትዬ፣ ልጅ ነው፤ ቢጫወት ምን አለበት?» ትላለች እናት።

«እሱ ሲጫወት ቤትሽን እየናደው ነው።»

«ቤቴ እኮ እታች ነው። እሱ የሚጫወተው እላይ።»

«እኮ!» ይሉ ነበር እትዬ ሙሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። «እኮ! እኔስ ምን አልሁሽ?»

ዋና ያስተማሩንም በፍቅር አልነበረም፤ በንዴት ነው። ክትሩ ዳር ልብስ የምናጥበውና ውኃ የምንቀዳው እኛ ሴቶች ልጆች ስለነበርን፣ መጀመሪያ ያስገቡት እኛን ነው። እናቴ ፈቃድ ስትጠየቅ፣ «ሴት ልጅ ውኃ ላይ ተንሳፋ ማን ያገባታል?» ብላ ነበር። እትዬ ሙሉም፣ «የሰጠመችውንስ ማን ያገባታል?» ብለው መለሱላት። ለካ እነዚያ ቅሎች ለቅቤ አልነበሩም፤ ሁለት ሁለቱን በብብታችን ሥር በመቀነት አስረው፣ ከወገባችን ይዘው ወደ ውኃው ይገፉን ነበር። የሚለበሰው አሮጌ ቀሚስ ነው። የደጋ ክትር ውኃ ከጠዋት ፀሐይ በኋላም አጥንት ይነካል፤ ትንፋሽ ደረት ላይ ይቆማል። «ምቺው! ውኃው አይመልስልሽም፣ ምቺው!» እያሉ ከዳር ሲጮኹብኝ እየሰማሁ፣ አንድ ቀን ቅሎቹን ፈተው እንደወሰዱብኝ ሳላውቅ ዋኘሁ። ዞሬ ሳያቸው ቅሎቹን በእጃቸው ይዘዋል። ደስ ያላቸውም አይመስሉም። «እግርሽን እንደ አህያ ነው የምትራገጪው» አሉኝና ወደ ቀጣዪዋ ልጅ ሄዱ።

ሐቁን መናገር ካለብኝ፣ እትዬ ሙሉ የሚያታክቱ ሰው ነበሩ። በአንድ በጋ የግድቡ ጀርባ ሲሰነጠቅ፣ ክትሩ ለሁለት ሊከፈል ነው ብለው ከተማውን በአንድ እግሩ አቆሙት። ጎንደር ድረስ ሄደው አንድ ባለሙያ በላንድሮቨር ይዘው መጡ። ሰውዬው ስንጥቁን በዱላው ነካካና የፀሐይ መሆኑን፣ ዝናብ ሲመጣ እንደሚገጥም ተናግሮ፣ የተሠራለትን ዶሮ በልቶ ሄደ። ስንጥቁም ገጠመ። ሌላ ጊዜ ፍልፈል የማሰውን ጉድጓድ አግኝተው፣ ትምህርት ትተን አፈር ስንጠቀጥቅ ዋልን። እንደገና በደረቁ በኩል እርጥብ መሬት ታይቷል ብለው ሽማግሌ አስጠሩ፤ ሲጣራ አንዲት ሴት የልብስ እጣቢ የደፋችበት ሆኖ ተገኘ። ከተማው በዚያ ሳቅ ከረመ። የምር የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን በአንድ ድምፅ ይጮኹት ስለነበር፣ ሰው በመጨረሻ ድምፃቸውን ሲሰማ እንደ ወፍጮ ቤቱ ሞተር መቁጠር ጀመረ፤ ሲጮኽ ይውላል፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ዛሬም ሳስበው በማን እንደምናደድ አላውቅም፤ ባልሰሙት ነው ወይስ ሰው እስኪሰለቸው በጮኹት?

ከዚያ ዝናቡ ያነሰበት ክረምት ሆነና ጥምቀት በውርደት አለፈ። የሚካኤል ታቦት በከተራ ወርዶ የሚያድረው ክትሩ ዳር ነው። በዚያ ጥር ውኃው ሸሽቶ ከሸለቆው መሃል ያለች ኩሬ ብቻ ቀርታ ነበር፤ ካህናቱ ወደ ውኃው ለመድረስ ጭቃ ላይ ጭድ አስነጠፉ። በእንግድነት የመጡት የጎረቤት ደብር ጎረምሶች ዱላቸውን እየነቀነቁ ያወረዱብን ግጥም እስከ ፋሲካ በየቤቱ ሲያቃጥል ከረመ፦

የቀጭን ውኃ ሰው ጥምቀት ወረደና፣
ጭቃ አቡክቶ መጣ፣ ቤት ሊመርግ ነውና።

የጥምቀቱን ዝግጅት የሚመራው አባቴ ነበር። ሰው አያ ካሴ እያለ የሚያከብረው፣ እህል ነጋዴ፣ በሰው ፊት መዋረድን ከሞት አሳንሶ የማያይ ሰው ነው። በቀጣዩ ነሐሴ ክትሩ ሞልቶ ትርፉ በማስተንፈሻው ሲፈስስ ቆሞ አየውና አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ይህ ሁሉ ውኃ ለምን በከንቱ ይሄዳል? ማስተንፈሻው ቢዘጋ ክትሩ ከወትሮው ከፍ ብሎ ይሞላል፤ በጥር ታቦቱ የሚወርደው ወደ ሸጋ ባሕር ይሆናል። ነገሩ ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይመለስ ነበር። ሰዉ ግን ሐሳቡን ስለት አደረገው። በፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ መልስ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ድንጋይ በየስለቱ አመጣ፤ ልጅ ያጣች ለልጅ፣ በሬው የታመመበት ለበሬው። እናቴም ታናሽ ወንድሜን ዳኘውን አዝላ፣ ድንጋይ በእጇ ይዛ ሄደች፤ ዳኘው ያኔ ጡት ያልጣለ፣ ደረቱ የሚያፍን ሕፃን ነበር። ድንጋዩ በማስተንፈሻው አፍ ላይ ተደረደረ፤ በመካከሉ ጭቃ የተሞላ ጆንያና የሣር ቁራጭ ተጠቀጠቀበት። አባቴ በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥምቀት ወዲህ እየሳቀ እራቱን በላ።

በማግስቱ እትዬ ሙሉ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ከቤታችን ደጃፍ ቆሙ።

«አያ ካሴ፣ ማስተንፈሻውን ዘጋችሁት!»

«ይግቡ እንጂ፣ ወይዘሪት። ምነው ደጅ ቆሙ?»

«አልገባም። ውኃው መውጫ ሲያጣ በየት የሚሄድ ይመስልዎታል?»

«የትም አይሄድም። እዚያው ይቀመጣል። የፈለግነውም እሱን ነው።»

«ዝናቡ እኮ አላለቀም!»

«ነሐሴ ተጋመሰ። ለተረፈው ዝናብ ክትሩ ሆዱ ሰፊ ነው።»

«ቢሞላስ? በላዩ ቢሄድስ? የሚመጣው እኮ እዚህ የተቀመጡበት መደብ ላይ ነው!»

አባቴ ሳቀ። «ታቦት የወረደበት፣ የተባረከ ውኃ ነው። የአክባሪዎቹን ቤት ያፈርሳል ብለው ነው? ደግሞ ያ ስንጥቅ እንዴት ሆነ? ገጠመ ወይስ ላንድሮቨሩን እንጥራለት?»

እትዬ ሙሉ ፊታቸው ቀላ። «እንግዲያው ድንጋዩን እኔ ራሴ አነሣዋለሁ።»

ይህን ሲሉ እናቴ ዳኘውን እንዳቀፈች ከጓዳ ወጣች። «የሰው ስለት? እትዬ፣ የዚህን ሕፃን ድንጋይ ከነኩ እኔና እርስዎ አንተያይም!»

እትዬ ሙሉ ሕፃኑን አዩ፤ እናቴን አዩ፤ ሄዱ። ዝም ብለው ሲሄዱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

መስከረም በሰላም የሚያልፍ መሰለ። አደይ አበባ ፈካ፤ ደመራ ተለኮሰ፤ ክትሩም እንደ ታሰበው ከወትሮው ከፍ ብሎ ሞልቶ፣ ሰማይ የወደቀበት እስኪመስል ድረስ አማረ። ሰው እየወጣ ያደንቅ ነበር። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ግን ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ተመልሶ መጣ፤ የሐምሌ እንጂ የመስከረም ዝናብ አይመስልም፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ነጎድጓድ ይወርዳል። ከተራራው የሚመጣው ጅረት ቀልቶ ወደ ክትሩ ይገባል፤ የሚወጣበት የለም። የግድቡ መሃል እሑድ እሑድ ስንመላለስበት ተረግጦ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ውኃው ያን ዝቅ ያለውን ቦታ ሊነካ ስንዝር ቀረው። አባቴ ጠዋት ዣንጥላ ይዞ እዚያ ላይ ቆሞ አየሁት። ፊቱ ገርጥቷል። ቤት ሲገባ እናቴ፣ «እንዴት ነው?» አለችው። «ደህና ነው» አላት፤ ግን የእህሉን ጆንያ ከመሬት አንሥቶ ቆጡ ላይ መጫን ጀመረ።

እስኪ ይህን የሚፈታው ማነው? የሚያዩት ሁሉ አደጋውን አይተዋል፤ ሁሉም ፈርቷል፤ ግን ስለት የገባበትን ድንጋይ የሚነካ እጅ ጠፋ። የራሱን ላንሣ ቢል የራሱን ከሌላው ድንጋይ ማን ለይቶት? ልጄን ጤና ይነሣብኛል፣ በሬዬን ይገድልብኛል የሚል ፍርሃት ከጎርፍ ፍርሃት በለጠ። ሰው ከላዩ የሚመጣበትን ውኃ እያየ፣ ለውኃው በር የሚከፍተውን ድንጋይ አልነካም አለ። እኔ በመንግሥት ሥራ ዕድሜዬን ስፈጽም ብዙ ግራ የሚያጋባ ነገር አይቻለሁ፤ ያን ሳምንት የሚስተካከል ግን አላየሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በሚካኤል ግቢ በዛፎቹ ሥር ተጠልሎ ሳለ፣ እትዬ ሙሉ በዝናቡ መሃል ብቻቸውን ቆሙ። ሁሉም የሚጮኹ መስሎት ፊቱን አዞረ። እሳቸው ግን ስለ አፈርም ስለ ውኃም አላነሡም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ወደሚጠብቁት ወደ ቄሰ ገበዙ ቀረቡ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰዉ ያመጣው የስለት ድንጋይ የማን ነው?»

«የሚካኤል ነዋ፣ ልጄ።»

«የክትሩ አይደለም?»

«ክትር ደግሞ ስለት ይቀበላል እንዴ?» ቄሰ ገበዙ ፈገግ አሉ፤ ከዛፍ ሥርም ሳቅ ተሰማ።

«የሚካኤል ከሆነ እዚያ ውኃ ውስጥ ምን ይሠራል? ያውና፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተንዶ ፍየል ይገባበታል።» ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። «እኔ በዚህ አገር ስለት ገብቼ አላውቅም። አሁን ገባሁ። ያ ታች ሰፈር ዛሬን ከዋለ፣ የሚካኤልን ድንጋይ በጀርባዬ ተሸክሜ ለቅጽሩ አመጣለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ቄሰ ገበዙ ወደ ሸለቆው ቁልቁል ተመለከቱ። ከዚያ ግቢ ክትሩም ታች ሰፈርም አንድ ላይ ይታያሉ፤ ውኃው እንደ ሞላ ገበታ ከጣሪያዎቻችን በላይ ተቀምጧል። ወዲያው ካባቸውን አውልቀው ለዲያቆኑ ሰጡትና፣ «ስለት ወደ ባለቤቱ ቢመጣ ኃጢአት የለበትም። እኔም እሸከማለሁ» አሉ። መንገዱን ቀድመው የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ የሆነው ዛሬም ይታየኛል። እትዬ ሙሉ ማስተንፈሻው ላይ እንደ ወታደር አዛዥ ቆሙ። «ከላይ ጀምሩ! ከላይ! ምነው ከሥር ትነካካለህ፣ አንተ! አንድ ጊዜ ቢመጣ ይዞህ እንዲሄድ ነው?» ድንጋዩ አንድ በአንድ ከላይ እየተነሣ ሴቶቹ በጀርባቸው አዝለው፣ ወንዶቹ በትከሻቸው ተሸክመው፣ እየዘመሩ ኮረብታውን ወጡ። እናቴ ዳኘውን ለእኔ አስታቀፈችኝና የያዘችውን ድንጋይ የራሷ መሆን አለመሆኑን ሳታውቅ ስማ ጀርባዋ ላይ አደረገች። በውኃው በኩል ያለውን ጆንያ ግን የሚደርስበት ጠፋ፤ ከወገብ በላይ ጥልቅ ነበር፣ ዋና የሚችል አዋቂም አንድ ሰው ብቻ ነው። እትዬ ሙሉ ወገባቸውን በገመድ ታስረው፣ ማጭድ ይዘው፣ ከነቀሚሳቸው ገቡ። የገመዱን ጫፍ የያዘው አባቴ ነበር።

«ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ አያ ካሴ! የበግ ገመድ አይደለም!»

«ይዣለሁ፣ ወይዘሪት፤ እርስዎ ብቻ አይናገሩ፤ ውኃ ይገባብዎታል!»

ጆንያውን ሲሸረክቱት ጭቃው ሟሟ፤ ውኃው መጀመሪያ እንደ ክር፣ ቀጥሎ እንደ ክንድ፣ በመጨረሻም የቦዩን ወርድ ሞልቶ እያገሣ ወጣ። አባቴ ገመዱን ሲጎትት እጁ ተልጦ ደም በደም ሆነ። እትዬ ሙሉን ከዳር ሲያወጧቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር፤ የመጀመሪያ ቃላቸው ግን፣ «ያ ድንጋይ ምነው መንገድ ላይ ተጣለ? እናንተ ሰዎች ጀምራችሁ የምትጨርሱት ነገር የለም?» የሚል ነበር። ከዚያ እሳቸውም በስለታቸው መሠረት አንድ ድንጋይ በጀርባቸው ተሸክመው፣ እየተንቀጠቀጡ ኮረብታውን ወጡ።

ዝናቡ ከዚያ በኋላም አላቋረጠም፤ ውኃው ግን በማስተንፈሻው እየወጣ ግድቡ ሳይነካ ቀረ። ክትሩ አልፈረሰም። ታች ሰፈር አልተወሰደም። ያላለቀው ንዴቴም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምንም ስላልሆነ፣ ምንም ሊሆን ነበር ብሎ የሚያምን ሰው ጠፋ። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ ገበያው፣ «እሷ ባትነዘንዘን ክትሩ ሞልቶ ይቆይ ነበር» ይል ጀመር። በጥር ውኃው እንደገና ሸሸ፤ ካህናቱ እንደገና ጭድ አስነጠፉ፤ የጎረቤት ደብር ጎረምሶችም ግጥማቸውን አልረሱትም ነበር። ሰው ንዴቱን የሚያሳርፍበት አላጣም። ሽማግሌ ተመርጦ ለትምህርት ቤቱ አቤት ተባለ፤ ሴት ልጆችን ራቁት ታስዋኛለች የሚልም ተጨመረበት። ዓመቱ ሲያልቅ እትዬ ሙሉ ወደ ዛሪማ ተዛወሩ፤ ዋና ለሚወድ ሰው፣ ያ ክትር የሌለበት ቆላ፣ ምን ይባላል?

ሳጥናቸውን እስከ ጭነት ማኪናው የተሸከመላቸው አባቴ ነው። ለማንም አልነገረም፤ እኔ ያወቅሁት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገድ ላይ አግኝቻቸው ነው። ሳጥኑን ከማኪናው ላይ ሲያስር እትዬ ሙሉ አጠገቡ ቆመው፣ «ይኸ ቋጠሮ ነው? እስቲ ይኸ ቋጠሮ ነው፣ አያ ካሴ? ደባርቅ ሳይደርስ ይፈታል» ይሉት ነበር። አባቴ ፈትቶ እንደገና አሰረው። አላመሰገናቸውም፤ እሳቸውም አላመሰገኑትም። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

እኔ ተምሬ ጎንደር ተቀጠርሁ፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እስከ ጡረታዬ አገለገልሁ። በሥራ ዘመኔ ጉዳዩ ሳያልቅ አልቋል ብዬ አልፈረምሁም፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ከፒያሳው ዝናብ በኋላ በሳምንቱ፣ ወንድሜን ዳኘውን ልጠይቅ ቀጭን ውኃ ሄድሁ። መጀመሪያ የወጣሁት ወደ ክትሩ ነው። በግድቡ ጀርባ ላይ የሙሽራ አጃቢ መኪና ተደርድሯል፤ ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ውኃው አፋፍ ላይ አቁሟል። በተዳፋቱ ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሏል፤ ሥሩ አፈሩን እየሰነጠቀ እንደሚገባ የነገራቸው የለም ወይም የሰማ የለም። ማስተንፈሻው ውስጥ አንድ ወጣት የቆርቆሮ ዳስ ሠርቶ፣ የፕላስቲክ ወንበር ደርድሮ ለስላሳ ይሸጣል።

«ልጄ፣ እዚህ የተቀመጥህበት የውኃ መንገድ ነው» አልሁት።

«ይቀመጡ፣ እማማ፤ ፋንታ ላምጣልዎ?»

«ፋንታ አልፈልግም። ክረምቱ ሳይገባ ይህን ዳስ አንሣው። ውኃው መውጫ ሲያጣ በየት የሚሄድ ይመስልሃል?»

ወጣቱ በአክብሮት ሳቀ። «አይ እማማ! ይኸ ክትር ከእኔ አባት በፊት ጀምሮ አለ። ምንም ሆኖ አያውቅም እኮ።»

ልመልስለት ስጀምር ሙሽሮቹ መንገድ ልቀቂ ሲሉኝ ወረድሁ። አልተውሁትም፤ በነጋታው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄጃለሁ፤ እስካሁንም እየተመላለስሁ ነው፤ ጸሐፊዋ ስታየኝ በረጅሙ መተንፈስ ጀምራለች።

ያን ዕለት ግን ከክትሩ ወርጄ ታች ሰፈር፣ ዳኘው ቤት ገባሁ። አባታችን በሠራው ቤት፣ በዚያው መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ያ ደረቱ የሚያፍን ሕፃን አሁን ሽበታም፣ ቦርጫም አያት ሆኗል። ስለ ዳሱ፣ ስለ ባሕር ዛፉ፣ ስለ መኪናዎቹ ስነግረው ሲያዛጋ ቆየና፣ «እህት ዓለም፣ አንቺም እንደዚያች መምህርት ሆንሽ። ማን ነበር ስሟ፣ እናታችን የምትነግረን፣ ያች ነዝናዛ?» አለኝ።

«እትዬ ሙሉ።»

«አዎ፣ እትዬ ሙሉ። ቆይ ግን፣ ያን ሁሉ ስትጮህ ኖራ ለዚህ አገር ምን ያደረገችው ነገር አለ?»

ልጮኽበት ዞርሁ። ከመደቡ ጥግ፣ ከግድግዳው ሥር፣ የዳኘው የልጅ ልጅ በጋቢ ተጠቅልላ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። እንዳትነቃ ብዬ ጩኸቴን ተውሁና የተገለጠ እግሯን በጋቢው ሸፈንሁ።